ታዳሽ ኃይል ምንድን ነው? ዓለምንስ ብቻውን ይችላል?

ታዳሽ ኃይል ስንጠቀምበት ተፈጥሮ መልሳ የምትተካው ኃይል ነው። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ወራጅ ውኃ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል አንዴ ከተቃጠሉ አለቁ።

በብዛቱ ከሆነ ዓለምን ይችላል። በአንድ ሰዓት ወደ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት የሰው ልጅ በዓመት ከሚጠቀመው ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ፀሐይ ትገባለች፤ አምፖል የሚበራው ደግሞ ያኔ ነው። ነፋስም ሲፈልግ ይነፍሳል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ማጠራቀም ነው።

ይህን ለማየት የባሕር ዳር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በሮች ያሉት ግድብ አለ። የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ ያቆያል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የሐይቁ ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። እዚያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ አለ። ሲፈለግ ውኃው ይለቀቃል፣ ካልተፈለገ ይቀመጣል። ፀሐይና ነፋስ ይህ ጸጋ የላቸውም፤ ወይ ባትሪ ወይ እንዲህ ያለ ውኃ ሊደግፋቸው ይገባል።

ውኃም ግን ወሰን አለው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፣ ለጢስ ዓባይ ማመንጫ የሚለቀቀውም ተጨምሮበት፣ ጣና ክፉኛ ጎደለ። የሐይቁ መርከቦች ለወራት ቆሙ። የደሴት ሰው መንገዱ ውኃው ነው፣ የዓሣ አጥማጁም እንጀራ እዚያው ነው። ሁሉንም በአንድ ምንጭ ላይ መጣል የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ደግነቱ እኛ አገር ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ጊዜ ነው። አዳማና አሸጎዳ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ሲሠሩ ውኃው ይተርፋል።

ደግሞ ኃይል ማለት መብራት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ታዳሽ ነው። ግን ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ቤት ወጥ የሚሠራው በከሰል ነው? ባጃጁም የሚሄደው በቤንዚን ነው። በዓለም ደረጃም ኤሌክትሪክ ሰው ከሚጠቀመው ኃይል አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። አይስላንድ ኤሌክትሪኳን ከውኃና ከእንፋሎት ታገኛለች፤ ለዓሣ ማጥመጃ መርከቦቿ ግን ነዳጅ ከውጭ ትገዛለች።

ለኤሌክትሪኩ ታዳሽ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፣ ምንጩ ከተሰባጠረና ማጠራቀሚያ ከተሠራለት። አውሮፕላን ማብረርና ሲሚንቶ ማምረት ግን ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። እኛ ጋ የሚያስቸኩለው ማገዶው ነው። እንጨትም ታዳሽ ይባላል፤ ከሚበቅለው በላይ ከተቆረጠ ግን አይታደስም። ዛፉ ያለቀበት ተዳፋት አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ጣና ይገባል።