ሱፐርቫይዘር ምንድን ነው? ስለ መጋዘን፣ ስለ ፓርት ታይምና ስለ ቁልፍ

ቀን ተምረው አመሻሽ ላይ መጋዘን ለሚገቡ ልጆች የሚታደል አንድ ምክር አለ። ሦስት ወር ሥራ፣ ከጓደኞችህ ቀድመህ አውርድ፣ አንድም ቀን አትቅር፣ ከዚያ ሱፐርቫይዘር አድርጉኝ በል፤ ዝም ካሉህ ጥለህ ውጣ። ምክሩን የሚሰጠው ሰው ክፋት የለበትም። ጠይቅ ማለቱም ልክ ነው። ችግሩ ሱፐርቫይዘር የሚለውን ቃል «ጎበዝ ሠራተኛ» ብሎ መፍታቱ ነው። በዚህ ፍቺ የሄደ ልጅ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ ወይ ይከለከላል፣ ለምን እንደተከለከለም አይገባውም፤ ወይ ይሰጠዋል፣ ምን እንደተሰጠው አይገባውም። ሁለተኛው ይብሳል።

ሱፐርቫይዘር በአንድ ፈረቃ ውስጥ በሌሎች እጅ ለሚሠራ ሥራ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ጫኝና አውራጅ የሚለካው ባነሳው ነው። ዕቃ አውጪው የሚለካው ትእዛዙን አሟልቶ ባወጣው ነው። ሱፐርቫይዘር ግን የሚጠየቀው እሱ ባልነካው ካርቶን፣ እሱ ባልጻፈው ቁጥር፣ አንዳንዴም እሱ በሌለበት ሰዓት በተከፈተ በር ነው። ስለዚህ ፍጥነት ለዚህ መደብ ማስረጃ አይሆንም። ፈጣኑ አውራጅ ሱፐርቫይዘር ሲደረግ ቶሎ የሚታይ ጥፋት አለ፤ መኪና ሲመጣ ወረቀቱን ያስቀምጥና ራሱ ማውረድ ይጀምራል። ለተመልካች ትጉህ ይመስላል። እሱ ሲሸከም ግን የሚቆጥር ሰው የለም፤ ሹፌሩ ይዞት የመጣው ቁጥር እንዳለ ይፈረምበታል።

ለዚህ ከዕድር ንብረት ያዥ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን ተሸክሞ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ካስማውን የሚመታው፣ ወንበሩን የሚደረድረው ጎረምሳ ሁሉ ሰው የሚመርቀው ነው። መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ግን እሱ አይደለም። የሚፈርመው 120 ወንበር፣ 60 ሳህንና 4 ብረት ድስት ቆጥሮ ያስወጣው፣ በኋላም ቆጥሮ የሚያስገባው ሰው ነው። 57 ሳህን ቢመለስ ጎረምሳውን ማንም አይጠይቀውም። ንብረት ያዡ ሳህን አላጠበም፣ አልሰበረም፤ ይጠየቃል ግን። ስብርባሪው ከተመለሰ ሳህኑ «ተሰብሯል» ተብሎ ይወራረዳል፤ ስብርባሪው ከሌለ ጠፍቷል ነው የሚባለው። መጋዘንም እንዲሁ ነው፤ የተቀደደ ካርቶን ወደ ቆሻሻ አይወረወርም፤ ለብቻው ተቀምጦ፣ ተቆጥሮ፣ በቃለ ጉባኤ ነው ከመዝገብ የሚወጣው። ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ቢመለስ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ንብረቱ ግን እየሻገተ ነው። ብዛት ብቻ አይቶ የሚፈርም ግማሹን ብቻ ተረከበ ማለት ነው።

ምሳሌውን ጥቂት ልግፋው። ዕድር ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡንና ንብረት ያዡን የሚለየው ጎረቤቱን ስላላመነ አይደለም። የያዘው ሰው ራሱ ከመዘገበ፣ ጉድለት ሲገኝ መቼ እንደተፈጠረ የሚናገር ሁለተኛ ወረቀት አይኖርም፤ ንጹሑም ሰው ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ያጣል። በደንብ የተደራጀ መጋዘንም እንዲሁ ንብረቱን የሚይዘውን እስቶር ኪፐር፣ መዝገቡን የሚይዘውንና ፈረቃውን የሚመራውን ሱፐርቫይዘር ይለያል። መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ጀርባ ባለ ጠባብ መጋዘን ግን ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ፤ ያ ሰው «ሱፐርቫይዘር» ይባላል፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ። ቁልፍ መያዝ ዕድገት የሚመስለው እዚህ ነው። ሁለት ሌሎች ሰዎችም ያንኑ ቁልፍ ከያዙ፣ የተሰጠው የሦስት ሰው ተጠያቂነት ነው፤ የበላይነት የሚባል ነገር የለበትም።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ላድርገው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20 ይሞላል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። የግል ድርጅት ሌላ ስም ይሰጣቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ሱፐርቫይዘሩ የሚጠብቀው ይህን ቅደም ተከተል ነው። «ደንበኛው ቆሟል፣ ወረቀቱ ነገ ይደርሳል» ተብሎ በስልክ የወጣ ዕቃ በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ሆኖ ይመለሳል፤ በስልክ ያዘዘው ሰው ደግሞ ያን ቀን ስልኩን አያነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ችሎታ እንምጣ። መጋዘን ውስጥ ለአንድ ዕቃ ሦስት ቁጥር አለ፦ መደርደሪያው ላይ ያለው፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት፣ ከዕቃው ጋር የሚቀመጠው ካርድ) ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው። ሦስቱ ሲለያዩ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሌባ ነው። ስለ ሌባ ከማውራት በፊት መለኪያውን ማየት ይገባል። 25 ካርቶን ገባ፤ በእያንዳንዱ 24 ፍሬ አለ፤ ጠቅላላው 600 ፍሬ ነው። መለኪያው «ፍሬ» በሆነበት የመዝገብ መስመር ላይ 25 ተብሎ ከተመዘገበ መደርደሪያው ላይ 575 ፍሬ ትርፍ ተቀመጠ ማለት ነው። ትርፍ ምን ያስጨንቃል የሚል አለ። ያስጨንቃል፤ መዝገብ የማያውቀው ዕቃ ቢወጣ መዝገብ አይጮህም። ትርፉን ቀድሞ ያወቀ ሰው ማንም ሳይጠይቀው ሊያወጣው ይችላል።

ሌላው ተደጋጋሚ ጥፋት መመሳሰል ነው። ባለ ግማሽ ሊትሩና ባለ አንድ ሊትሩ ዘይት ጎን ለጎን ተደርድሮ አንዱ 10 ካርቶን ሲጎድል ሌላው 10 ካርቶን ከተረፈ፣ ዕቃው ተቀያይሮ ወጥቷል ወይም ተቀያይሮ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ «ጠቅላላ ድምሩ ልክ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። የመጋዘን ትክክለኛነት በድምር ብር አይለካም፤ በመስመር ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ መስመር ነው። 200 ዓይነት ዕቃ ቆጥራችሁ 194ቱ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ 97 በመቶ ነው። ስድስቱ መስመር ጉድለትና ትርፉ ተጣፍቶ ዜሮ ብር ቢሆን እንኳ ያው 97 ነው። (የምግብና የመድኃኒት መጋዘን ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ገጥሞም አይበቃም፤ «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» የሚለው እዚያ አይሠራም። መጀመሪያ የሚወጣው የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ነው፤ በኋላ የገባ ዕቃ ቀድሞ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።)

ታዲያ ፓርት ታይም የሚሠራ ሰው ሱፐርቫይዘር መሆን ይችላል? ያ መካሪ የሥራ ሰዓቱን እንደ ተራ ነገር አልፎታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። የዕድሩ ምሳሌ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው፤ ዕድር ንብረት ያዡን በየአራት ሰዓቱ አይቀይርም። በፈረቃው መሃል ገብቶ መሃል ላይ የሚወጣ ሰው የተጀመረ ማራገፍ፣ ግማሹ የተቆጠረ ፓሌት (ካርቶን የሚደረደርበት መደብ)፣ ፊርማው ያልተሟላ ወረቀት ተረክቦ ያንኑ አስረክቦ ይሄዳል። ጉድለት ሲገኝ በማን ሰዓት እንደተፈጠረ መለየት አይቻልም። አሠሪው «ሙሉ ቀን ካልሆንክ አይሆንም» ሲል ብዙ ጊዜ ንቀት አይደለም፤ ይህን መናገር ስላቃተው ነው።

መፍትሔው የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ፈረቃ መፈለግ ነው። መሃል አዲስ አበባ ለዚህ አመቺ ናት። ከባድ መኪና ቀን በከተማዋ ብዙ ጎዳናዎች ላይ ስለሚከለከል ብዙው ጭነት ሲመሽ ነው የሚገባው። የማታ ማራገፊያው በር ከፍቶ የሚጀምርና በር ዘግቶ የሚያልቅ ሙሉ ሥራ ነው፤ አራት ሰዓት ብቻ ቢፈጅም ሙሉ ነው። ስለዚህ «የመጋዘኑ ሱፐርቫይዘር» ተብሎ አይጠየቅም። «የማታ ገቢ ፈረቃ ሱፐርቫይዘር» ብሎ የጠየቀ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ በስሙ ብቻ ያስታውቃል።

ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ያልተዘጉ ወረቀቶች በቁጥራቸው፣ ወደ ቦታቸው ያልገቡ ፓሌቶች፣ በብልሽት የተለየ ዕቃ፣ የቁልፎች ብዛት፣ የቀረ ሠራተኛ፣ ሰዓት፣ የሁለት ሰው ፊርማ። «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል የቃል ርክክብ ሰላም የሚሆነው ቆጠራ እስኪመጣ ነው።

ስለ ሕጉ ሳይነሳ አይታለፍም፤ ሦስት ወር የሚለው ምክር ከሙከራ ጊዜ ጋር ስለሚምታታ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። 60 የሥራ ቀን በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። ሙከራን ማለፍ ለተቀጠሩበት ሥራ ብቁ መሆንን ያሳያል፤ ስለሚቀጥለው መደብ የሚለው ነገር የለም። «ሙከራዬን ጨርሻለሁ፣ ዕድገቴስ?» የሚል ጥያቄ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኛል።

ሌላው የሚያናድደኝ ስህተት ከላይ ነው የሚመጣው፤ «ሱፐርቫይዘር ስለሆንክ የሥራ መሪ ነህ፣ ትርፍ ሰዓት አይከፈልህም» የሚለው። አዋጁ የሥራ መሪን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሥራ መሪን የሚለየው በሥልጣኑ ነው፦ የአመራር ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት፣ መመደብና የመሳሰለው። «አንተ በሩ ላይ፣ አንቺ ሚዛኑ ላይ» የሚል የፈረቃ ሱፐርቫይዘር በስያሜው ብቻ የሥራ መሪ አይሆንም። በአዋጁ ሥር ላለ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስታል፤ ሰው ፓርት ታይምንም «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ይለዋል። በአዋጁ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የተሠራው ነው። በቀን ለአራት ሰዓት የተቀጠረ ሰው ስድስት ሰዓት ሲሠራ ጭማሪው በምን ሒሳብ እንደሚከፈለው ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ክርክሩ የሚጀምረው ደመወዝ ቀን ነው።

የማታውን ፈረቃ ለመያዝ ተያዥ አምጣ ሊባል ይችላል፤ ንብረት በሚያዝበት ሥራ የተለመደ ነው። ከተያዡ ይልቅ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት አብሮ የሚመጣው ወረቀት ነው። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። «ለሚገኝ ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል መስመር ላይ አስቀድሞ መፈረም ያንን የጽሑፍ ስምምነት ከወዲሁ እንደ መስጠት ሊቆጠር ይችላል። «በፈረቃዬ ለደረሰና በእኔ ጥፋት መሆኑ ለተረጋገጠ» ተብሎ እንዲስተካከል መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀድሞ ማደግ የሚፈልግ ታዲያ ምን ይዞ ይቅረብ? ያወረደውን የካርቶን ብዛት አይደለም። ከመጠየቁ ስድስት ሳምንት በፊት በፈቃደኝነት ቆጠራ ይግባ፤ በየሳምንቱ 20 መስመር ቢቆጥር 120 መስመር ይሆናል። የተገኘውን ልዩነት ምክንያቱን እየለየ ይጻፍ፦ መለኪያ፣ የተቀያየረ ዕቃ፣ ያልተመዘገበ ወጪ፣ ብልሽት። አዲስ የገባ ሠራተኛ ያለማምድ። የርክክብ ገጹን ማንም ሳያዝዘው ይጀምረው። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ፈቃድ ሲወጣ ለሁለት ሳምንት በውክልና እንዲሸፍን ይጠይቅ፤ ውክልናው መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የሚፈርምባቸው ወረቀቶች፣ የሚታከል ክፍያ ካለም እሱ የተጻፈበት ደብዳቤ ይሁን። መጨረሻ ቀን የሌለው ውክልና ሰው በአሮጌው ደመወዝ አዲሱን ሥራ ሲሠራ ዓመት የሚቆይበት መንገድ ነው።

መደቡ ከተሰጠ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቆጠራ ነው፤ ቁልፍ ከመቀበል በፊት፣ ተረካቢ፣ አስረካቢና አንድ ታዛቢ ባሉበት። መጋዘኑ ትልቅ ከሆነና ሁሉን መቁጠር ካልተቻለ ዋጋቸው ውድ የሆኑትንና ቶሎ ቶሎ የሚወጡትን ሙሉ በሙሉ መቁጠር፣ ለቀረው «በመዝገብ መሠረት፣ ሳይቆጠር» ብሎ በርክክብ ሰነዱ ላይ መጻፍ። «ጊዜ የለም፣ አንተ ፈርም፣ በኋላ እንቆጥራለን» ከተባለ ፊርማውም ለበኋላ ይቆይ።