ባሕረኛ በባዕድ ወደብ፦ ከጋንግዌይ እስከ ከተማ፣ ከከተማ እስከ ጋንግዌይ

መርከብ ወደብ ገባች ማለት ባሕረኛው ዐረፈ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥራው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ገመድ ይታሰራል፣ ጭነት ይወርዳል፣ ስንቅና ነዳጅ ይገባል፣ ተቆጣጣሪ በተቆጣጣሪ ላይ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መሃል የምትገኘው ክፍተት ናት ባሕረኞች «ሾር ሊቭ» የሚሏት፤ ከመርከብ ወርዶ የብስ ላይ የመቆየት ፈቃድ።

ክፍተቷ ጠባብ ናት። የኮንቴይነር መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ወደብ ላይ የሚቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው። እህል ወይም ማዕድን የጫነ መርከብ ሁለት ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከዚህ ላይ የሥራ ፈረቃውና የእንቅልፍ ሰዓቱ ሲቀነስ፣ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ወራት ብረት ላይ ለከረመ ሰው ይህች ሰዓት ትልቅ ናት። የወደቡን በር ሲፈልግ አንድ ሰዓት ያለቀበት ሰው የዕረፍቱን ሲሶ አጣ ማለት ነው። ስለ ወደቡ አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

መብቱና በሩ

ከመርከብ መውረድ የካፒቴኑ ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ። ባሕረኞች «ኤምኤልሲ» ይሉታል። ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 20 ቀን 2013 ነው። ባሕረኞች ለጤናቸውና ለደህንነታቸው ሲባል፣ የሥራ ድርሻቸው እስከፈቀደ ድረስ፣ የብስ ላይ የመውረድ ፈቃድ ሊሰጣቸው ይገባል ይላል። ካፒቴኑ «ዛሬ አትወርድም» ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሥራ ወይም ደህንነት መሆን አለበት።

ወደቡ ያለበት አገርም ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለው የባሕር ትራፊክን የማቀላጠፍ ስምምነት፣ በአጭሩ «ፋል»፣ የመርከቡ ወረቀት ተሟልቶ፣ ለሕዝብ ጤናና ጸጥታ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ባሕረኛው እንዲወርድ ይፈቀድለት ይላል። በዜግነቱ፣ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ሊከለከልም አይገባም።

ወረቀቱ ይህን ቢልም በተግባር መብቱን የሚያጠበው በሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ «አይኤስፒኤስ» የሚባለው የመርከብና የወደብ ጸጥታ ደንብ ወጣ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ወደቦች በአጥርና በካሜራ ታጠሩ። የጸጥታው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ያው ደንብ ራሱ ግን መግቢያው ላይ የባሕረኞች ወደ የብስ መውጣት እንዳይረሳ ያሳስባል፤ ይህችን ክፍል ብዙ ተርሚናሎች ቸል አሏት። በአሜሪካ አንዳንድ ተርሚናሎች በሩን እስከ መዝጋት፣ አንዳንዶቹም ለአጃቢ ገንዘብ እስከ መጠየቅ ደረሱ። በመጨረሻ የአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2019 ደንብ አወጣ። ተርሚናሉ ባሕረኛውን ሳያጉላላና ያለ ክፍያ ወደ በሩ እንዲያደርሰው አስገደደ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ በሩ በዓለም ዙሪያ ተዘጋ። በ2020 መጨረሻ ላይ ውላቸው አልቆ መርከብ ላይ የቀሩ ባሕረኞች 400,000 ያህል ደርሰው ነበር። ያን ዘመን ያለፈ ሰው አንዲት ሰዓት ሣር ላይ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረው አይፈልግም።

ወረቀት

መርከቡ ከውጭ ሲመጣ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል። «መርከቤ ጤናማ ነው፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው። የወደቡ ጤና ክፍል ፈቃዱን እስኪሰጥ ድረስ ማንም አይወርድም። ቀጥሎ ኢሚግሬሽን የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ያያል። ከዚያ በኋላ ነው «ሾር ፓስ» የሚባለው የመውረጃ ወረቀት የሚሰጠው።

ቪዛ ላይ አገሮች እንደየራሳቸው ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሼንገን አገሮች፣ ማለትም የጋራ የድንበር ሕግ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የታወቀ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተር ያለውና ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው፣ በወደቡ ከተማና በአጎራባች ከተሞች ያለ ቪዛ እንዲቆይ ሊፈቀድለት ይችላል። ከዚያ አልፎ በባቡር ሌላ ከተማ ልጎብኝ ቢል ግን ሕግ ጥሷል። አሜሪካ የሠራተኛ ቪዛ በየግሉ ትጠይቃለች። ቪዛው ኖሮም የኢሚግሬሽን መርማሪው ነው የመውረጃ ፈቃዱን የሚሰጠው፤ ጣሪያው 29 ቀን ነው። ቪዛ የሌለው ሰው መርከቡ ላይ ይቀራል። ጓደኞቹ ሲወርዱ በጋንግዌዩ፣ በመርከቡ መውረጃ መሰላል፣ አናት ቆሞ የሚያይ ባሕረኛ ያሳዝናል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። አውስትራሊያ ደግሞ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚጠየቅ የባሕር ሠራተኞች ቪዛ አላት። ስለዚህ ውል ሲፈረም የመርከቡን መስመር መጠየቅና ቪዛውን አገር ቤት ሳሉ መጨረስ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድንም አይርሱት። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። «አሥር ዓመት አልፎታል» የሚል ሰው ቢያጋጥም ይህን መንገር ይቻላል።

ፓስፖርት በአብዛኛው ካፒቴኑ ጋ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሾር ፓሱን ኪስ ውስጥ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ደግሞ ስልክ ላይ መያዝ ጥሩ ነው። ሾር ፓስ ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ለኤጀንቱ መናገር ነው። ኤጀንት ማለት የመርከቡ ባለቤት በዚያ ወደብ ያቆመው ወኪል ነው፤ የወደቡን ሰውም ሕግም ያውቃል።

ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቁራጭ ካርቶን ከሁሉም ትበልጣለች። የመርከቡ ስም፣ የተርሚናሉ ስም፣ የቆመበት መደብ ቁጥር፣ የበሩ ቁጥር፣ የኤጀንቱ ስልክ፣ የመመለሻ ሰዓት ይጻፍባታል። በአገሩ ቋንቋ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። የታክሲ ሹፌር እንግሊዝኛ ላይችል ይችላል። ትልልቅ ወደቦች ደግሞ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር የሚዘረጉ ናቸው፤ «ወደብ» ብቻ ብሎ ታክሲ የያዘ ሰው ሌላ ተርሚናል በር ላይ ይጣላል።

ከመርከቡ እስከ በሩ

ከጉዞው ሁሉ አደገኛው ይኸው የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የኮንቴይነር ተርሚናል የእግረኛ ቦታ አይደለም። ኮንቴይነር እግሮቿ መሃል አንጠልጥላ የምትሄደው ማሽን ሹፌር ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ሰው ላያይ ይችላል። ሌሊት ደግሞ የክሬኑ መብራት ዓይን ይይዛል። ስለዚህ የተርሚናሉን ሚኒባስ መጠበቅ ግድ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ዘገየ ተብሎ በእግር አይሞከርም። በእግር ከተፈቀደም በተቀባው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ሰደርያና ሄልሜት እስከ በሩ ድረስ አይወልቁም። ለእነሱ መያዣ የምትሆን ቀለል ያለች ቦርሳ መያዝ ጥሩ ነው፤ ከተማ ውስጥ ሄልሜት ይዞ መዞር ያሰለቻል።

ነዳጅና ጋዝ ተርሚናሎች ከዚህም የጠበቁ ናቸው። ሲጋራና ላይተር ክልክል ነው፤ ስልክም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። መርከቡ መልሕቅ ጥሎ ውጭ ከቆመ ደግሞ በጀልባ ነው የሚወረደው። የመጨረሻዋን ጀልባ ሰዓት ሳያውቁ መውረድ በሌላ ሰው ሰዓት ላይ ቁማር መጫወት ነው።

የባሕረኞች ማዕከል

ከበሩ ሲወጡ የመጀመሪያው መዳረሻ ይህ ቢሆን እመክራለሁ፤ ከተማው በኋላ ይደረሳል። በብዙ ወደቦች የባሕረኞች ማዕከል አለ። አንዳንዱ ተርሚናሉ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንዳንዱ ሙሉ ቤት ነው። ዋይፋይ አለ፣ ሲም ካርድ አለ፣ ሶፋ አለ፣ መጻሕፍት አሉ፣ ካርታ አለ። የማዕከሉ ሚኒባስ መርከቡ ድረስ መጥቶ የሚወስድበት ወደብም ብዙ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ሃይማኖትም ዜግነትም አይጠየቅም። ኤምኤልሲም ወደቡ ላይ ያለው የባሕረኞች አገልግሎት በዜግነት፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በመርከቡ ባንዲራ ሳይለይ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል።

የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ጆን አሽሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በብሪስቶል ሰርጥ መልሕቅ ጥለው ነፋስ የሚጠብቁ መርከቦችን አየ። ሰዎቹን የሚጠይቃቸው ማንም እንደሌለ ሲገነዘብ በጀልባ እየሄደ ይጎበኛቸው ጀመር። ከዚህ ሥራ የተነሣው ማኅበር በ1856 ተቋቋመ። ዛሬ ሚሽን ቱ ሲፌረርስ ይባላል፤ ምልክቱ የሚበር መልአክ ነው፤ በ50 አገሮች ገደማ ይሠራል። የካቶሊኩ ስቴላ ማሪስ በ1920 ግላስጎው ውስጥ ተጀመረ። የኖርዌይ የባሕረኞች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ1864 ጀምሮ አለ። እነዚህ ቤቶች በተከፈቱበት ዘመን ወደብ ላይ ባሕረኛን አስክረው፣ ደመወዙን ዘርፈው፣ ለማያውቀው መርከብ የሚሸጡት ደላሎች ነበሩ። ማዕከሎቹ የቆሙት ያን ለመመከት ጭምር ነበር።

ውስጣቸውን ላየ ሰው አንድ ነገር ልብ ይነካል። በቀዝቃዛ አገር ማዕከል በሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ቅርጫት ይኖራል፤ በእጅ የተሠሩ የሱፍ ኮፍያዎች ሞልተውበታል። ባሕረኛውን አይተውት የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ጡረተኛ ሴቶች፣ ሠርተው የላኳቸው ናቸው። ከሞቃት አገር የመጣ ወጣት አንዱን አንሥቶ ጆሮው ድረስ ይስበዋል። ስልኩን ዋይፋይ ላይ ያገናኛል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ይላል፤ ልጁን ሊያይ ነው። አጠገቡ ያለው ሁሉ ዝም ይለዋል።

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የኤምኤልሲ ማሻሻያ አገሮች በወደባቸው ላሉ መርከቦች ሠራተኞች ኢንተርኔት እንዲያመቻቹ፣ ክፍያ ካለም ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። የዘገየ ቢሆንም ደግ ነገር ነው።

ሐኪም፣ ገንዘብ፣ ጉምሩክ

ጥርስ አመመኝ፣ ዓይኔ ቀላ የሚል ሰው እስኪብስበት መቆየት የለበትም። ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ በወደብ ላይ ሐኪም ወይም የጥርስ ሐኪም ሳይዘገይ የማየት መብት አለው፤ ወጪውም በመሠረቱ የአሠሪው ነው። ወደብ ከመግባት በፊት ለካፒቴኑ ከተነገረ ኤጀንቱ ቀጠሮ ይይዛል። የጤናን ነገር «እንደምንም እችለዋለሁ» ማለት ባሕር ላይ አያዋጣም፤ ቀጣዩ ሐኪም ሁለት ሳምንት ርቆ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ መርከብ ላይ ከሚወጣ መንዛሪ ጋር አይለወጥም። ባንክ ወይም ማዕከሉ ይሻላል። ለአንድ ከሰዓት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሌላውን መርከብ ላይ መተው ነው።

ጉምሩክ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ወደብ ሲገባ እያንዳንዱ ባሕረኛ የያዘውን ሲጋራ፣ መጠጥና ሌላ ዕቃ ቅጽ ላይ ይሞላል። ያልተሞላ ካርቶን ሲጋራ ቅጣት ያመጣል። ከሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም ከነማዘዣው ይያዝ፤ ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕ አንዳንድ አገር ያስከስሳል። ከሁሉም በላይ፣ ወደብ ላይ የተዋወቁት ሰው «ይህችን ጥቅል አድርስልኝ» ቢል፣ እናቱ የላከችለት ስንቅ ነው ቢልም፣ እምቢ ማለት ነው። በዕፅ ዝውውር የሚታሰረው ጥቅሉን የሰጠው ሳይሆን የያዘው ነው።

ችግር ሲገጥም

ደመወዝ የተቋረጠበት ወይም የተበደለ ባሕረኛ የብስ ላይ ሲወርድ የሚያማክረው አያጣም። ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ «አይቲኤፍ»፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ነው። በብዙ ወደቦች መርማሪዎች አሉት። የወደቡ አገር የመርከብ ተቆጣጣሪዎችም አቤቱታ ይቀበላሉ፤ የአቤቱታ አቅራቢውን ማንነት በምሥጢር የመያዝ ግዴታ አለባቸው። ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ባሕረኛ በኤምኤልሲ መሠረት እንደተጣለ ይቆጠራል። እንዲህ ከሆነ ለመርከቡ የገባው የገንዘብ ዋስትና እስከ አራት ወር ደመወዝና ወደ አገር መመለሻውን ይሸፍናል። ለመነጋገር ብቻ ሰው የፈለገም «ሲፌረርሄልፕ» የሚባል ነጻ የስልክ መስመር አለለት፤ ሌሊትና ቀን በብዙ ቋንቋ ይመልሳል።

መመለስ

ጋንግዌዩ አጠገብ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። ሾር ሊቭ የሚያበቃበት ሰዓት በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ለምሳሌ 18:00። መርከቡ 20:00 ይነሣል እንበል። ልዩነቱ ለሰው ቆጠራ፣ ለፍተሻና መርከቡን ከወደብ መርቶ ለሚያወጣው ሰው መምጫ ነው። ጭነቱ ቶሎ ካለቀ ሰሌዳው ይፋቃል፤ 17:00 ይሆናል። ይህን የብስ ላይ ያለ ሰው አያየውም። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ጊዜ መርከቡ ጋ ወይም ኤጀንቱ ጋ መደወል ልማድ መሆን አለበት። የእጅ ሰዓትንም ከመውረድ በፊት ከወደቡ ሰዓት ጋር ማስተያየት ይገባል፤ የመርከቡና የከተማው ሰዓት የሚለያዩበት ቀን አለ።

መርከብ ያመለጠው ሰው መደበቅ የለበትም። በዚያው ሰዓት ለኤጀንቱ ከደወለ ያረፈደ ባሕረኛ ነው። ኤጀንቱ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፤ ከተቻለ በጀልባ ወይም በቀጣዩ ወደብ ያገናኘዋል፤ ወጪው ግን ከራሱ ሊቆረጥ ይችላል። ሳይደውል ካደረ ጠፍቷል ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀጣይ ቪዛውም አደጋ ላይ ይወድቃል። የተመለሰውን ደግሞ ጋንግዌዩ ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያውን ያያል፣ ቦርሳውን ይፈትሻል፣ መዝገቡ ላይ የወረደበት ሰዓት በተጻፈበት መስመር የተመለሰበትን ሰዓት ይጽፋል።