ጠጠር ባሕርን እንዴት ያቆማል? ስለ ጠጠር ዳርቻ በተለምዶ የሚባሉና እውነታው

ድሬ ባሕር የላትም። ጅቡቲ ግን በባቡር ቅርብ ስለሆነች የባሕር ወሬ ከቤታችን አይጠፋም። ውሃ ድንጋይ ሲያንከባልል ምን ድምፅ እንዳለው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ብቻ በሚሞላው በድሬዳዋ ወንዝ፣ በደቻቱ ዳር ያደገ ያውቀዋል።

«ልቅ ጠጠር ነው፤ ሞገድ ይጠርገዋል።»
ጥንካሬው ልቅ መሆኑ ላይ ነው። ሞገዱ ሽቅብ ሲወጣ ጠጠሩን እየገፋ ይመጣል። ከዚያ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ይሰርጋል። ቁልቁል የሚመለሰው ስለሚቀንስ፣ ያመጣውን ሁሉ መልሶ ለመውሰድ አቅም ያንሰዋል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ጉብታ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ ያለው ቼሲል 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም እንዲህ ያለ ጉብታ ነው። በምዕራብ በኩል ጠጠሩ አተር ያክላል፤ በምሥራቅ ጫፍ ግን ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ነው። ሞገዱ ራሱ ነው የለየው።

ይህ ማለት ግን አይበገርም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 ማዕበል ቼሲልን ተሻግሮ ሰው ገድሏል።

«ግንብ ሁልጊዜ ይበልጣል።»
ግንብ የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ቢሆንም ቀጥ ያለ ግንብ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል፤ የተመለሰው ውሃ ደግሞ የግንቡን እግር ይቦረቡራል።

«ጠጠሩ ቢዛቅ ባሕሩ ይተካዋል።»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሃልሳንድስ የሚባል የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ከ1897 ጀምሮ ለፕሊመዝ የመርከብ ጣቢያ ግንባታ ከፊቱ ያለው ጠጠር በገፍ ተዛቀ። ነዋሪው ጮኸ። በ1902 ቁፋሮው ቢቆምም የሄደው ጠጠር አልተመለሰም፤ ጥንት የተከማቸ እንጂ በየዓመቱ የሚመጣ አልነበረም። ጥር 1917 ላይ ማዕበል መጣና ቤቶቹን አፈራረሳቸው። ሰው አልሞተም፤ መንደሩ ግን በዚያው ቀረ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«እንግዲያው የደቻቱም ጠጠር ይጠብቀናል።»
አይጠብቀንም። ሞገድ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ጎርፍ ግን ቁልቁል ብቻ ነው። የወሰደውን ድንጋይ ወደ ላይ አይመልስም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን በዚሁ በደረቅ አሸዋ ላይ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ግንቡና በሽቦ የታሰረው ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ የተራራው እርከን ነው። ከግንቡ ሥር አሸዋና ጠጠር ሲዛቅ መሠረቱ ይጋለጣል፤ ስለዚህ እዚያ አካባቢ አካፋ ይዞ የሚወርድ ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ለቀበሌ ተናገሩ።