ታሪክ፣ ኢኮኖሚና ፍልስፍና በጆሮ፦ ስለ ድምፅ መጻሕፍት አጠቃላይ ዳሰሳ

የድምፅ መጽሐፍ ማለት አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ የተቀዳ ነው። ከተሜው ኦዲዮ ቡክ ይለዋል። በሬዲዮ ያደገው ደግሞ ትረካ ይለዋል። ልብ ወለድ በጆሮ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ያውቀዋል። እዚህ የምናየው ግን ሌላውን መደርደሪያ ነው፦ ታሪክን፣ ኢኮኖሚንና ፍልስፍናን። ሦስቱም በጆሮ ይሰማሉ፤ እኩል ግን አይሰሙም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ከድምፅ መቅጃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን በ1877 ሠራ። በማግስቱ ዓመት መሣሪያው ለምን ለምን እንደሚጠቅም ሲዘረዝር፣ ለዓይነ ስውራን የሚናገሩ መጻሕፍትን አንዱ አድርጎ አስቀመጠ። ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ነገሩ በወረቀት ላይ ቀረ። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ታሪክ ልቅዳ የሚል ሰው ክፍሉን በሸክላ መሙላት ነበረበት።

መፍትሔው የመጣው በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1931 የአሜሪካ ምክር ቤት ለዓይነ ስውራን አዋቂዎች መጻሕፍት የሚሆን በጀት በሕግ ፈቀደ። በ1934 ቀስ ብሎ የሚሽከረከር፣ በአንድ ፊቱ ሩብ ሰዓት ያህል የሚይዝ ሸክላ ላይ የተቀዱ መጻሕፍት መሠራጨት ጀመሩ። የመጀመሪያው ዝርዝር ደስ ይላል። ወንጌልና መዝሙረ ዳዊት አለበት። ሼክስፒር አለበት። ከእነሱ ጎን ደግሞ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱና የሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር ተቀምጠዋል። ታሪክና ፖለቲካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት ነበሩ ማለት ነው። ለዓይናማው ግን አልተፈቀደም። አሳታሚዎች የተስማሙት ሸክላው ለዓይነ ስውራን ብቻ እንዲሰጥ ነበር።

ዓይናማውን የሳበው መኪና ነው። ዱቫል ሄክት በ1956ቱ የሜልበርን ኦሎምፒክ በጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ ወደ ሥራ ሲመላለስ መንገድ ላይ በሚያባክነው ሰዓት ተሰላቸ። ሬዲዮው አላረካውም። በ1975 ሙሉ መጻሕፍትን በካሴት አስቀድቶ በፖስታ የሚያከራይ ድርጅት አቋቋመ። ካሴቱን ትሰማለህ፣ በዚያው ካርቶን መልሰህ ትልካለህ። በሌላ በኩል የመጻሕፍት ሱቆች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የተቆራረጠውን ነበር፤ ስምንት መቶ ገጽ ታሪክ በሁለት ካሴት፣ በሦስት ሰዓት። እንዲህ ያለ ታሪክ ውጤቱን ይነግርህና ምክንያቱን ይተዋል።

ፍልስፍናና ኢኮኖሚም በካሴት ዘመን የራሳቸውን ገበያ አገኙ። ናሽቪል ያለ አንድ ድርጅት ስለ ታላላቅ ፈላስፎች ተከታታይ ካሴቶች አወጣ። ተራኪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በፊልም ሙሴን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ቻርልተን ሄስተን። በፋሲካ ሰሞን በቴሌቪዥን ያየነው ሙሴ ስለ ካንትና ስለ ኒቼ ሲያስረዳ አስቡት። እውነት ለመናገር ድምፁ ለኒቼ ሳይሆን ለደብረ ሲና ነው የሚመቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። የድምፅ መጻሕፍት ሻጩ ኦዲብል በ1995 ተመሠረተ። በ1997 ያወጣው የኪስ ማጫወቻ የሚይዘው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። አማዞን በ2008 ድርጅቱን በ300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ስማርት ስልክ መጣና ካርቶኑም ካሴቱም ቀረ።

ለድሃ አድማጭ ትልቁ ዜና ግን በነሐሴ 2005 ሞንትሪያል ውስጥ የተጀመረው ሊብሪቮክስ ነው። ሂዩ መጋየር የሚባል ሰው ነው የጀመረው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን ፈቃደኞች እቤታቸው ቁጭ ብለው ያነባሉ። አንባቢ የድምፅ ፈተና አይፈተንም። ሌላ ፈቃደኛ ቅጂውን ሰምቶ የተዘለለ መስመር ወይም የተደገመ ቃል ካለ ይናገራል፤ አነባበቡ አያምርም ብሎ መመለስ ግን የለም። የተቀዳውም የማንም አይደለም፤ የፈለገ ያወርደዋል፣ ያባዛዋል። ከአሥራ አምስት ሺህ በላይ ሥራዎች በዚህ መንገድ ተሰብስበዋል። ጉዳቱም ከዚሁ ነው። አንድ የታሪክ መጽሐፍ አሥር ሰው ተከፋፍሎ ሊያነበው ይችላል። ምዕራፍ 3 ላይ የቴክሳስ ሰው ያነባል፣ ምዕራፍ 4 ላይ የሕንድ ሰው። መጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ይለመዳል።

የድምፅ መጽሐፍ ጊዜ ይበላል። በእንግሊዝኛ ተራኪ በሰዓት 9,300 ቃል ገደማ ያነባል። በዓይን የሚያነብ ሰው ከዚህ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይፈጥናል። የአዳም ስሚዝ «የሀገራት ሀብት» ወደ አርባ ሰዓት ይፈጃል። የኤድዋርድ ጊቦን የሮም መንግሥት ውድቀት ታሪክ ስድስቱ ጥራዝ ከመቶ ሃያ ሰዓት በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ስፒድ ይጨምራል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተሠራ የ2021 ጥናት፣ የቪዲዮ ትምህርት እስከ እጥፍ ፍጥነት ቢሰማ መረዳት ብዙም እንደማይጎዳ፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን እንደሚወርድ አሳይቷል። ተፈታኞቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ ነው የሰሙት። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚሰማ ሰው በልኩ ፍጥነት ማስኬድ ነውር የለበትም።

ከሦስቱ መደርደሪያዎች ለጆሮ የሚቀናው ታሪክ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ታሪክ በጊዜ ይሄዳል፣ ድምፅም በጊዜ ይሄዳል። አንዱ ንጉሥ ሞተ፣ ሌላው ተነሣ፣ ጦሩ ወንዙን ተሻገረ። ሐሳብህ ለአንድ ደቂቃ ቢሸፍት እንኳ ተመልሰህ ትገባለህ። ጊቦን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ አንድን ረጅም አንቀጽ ሙሉ በሙሉ በጭንቅላቱ ሠርቶ፣ በጆሮው ሞክሮ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንደሚጽፈው ተናግሯል። ስለዚህ ሲነበብ ያምራል። ኢትዮጵያዊ አድማጭ አርባ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን ኢርፎኑን ሊነቅል ይችላል። ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከበው ሺህ ዓመት ያህል ተኙ፣ የረሳቸውን ዓለም ረስተው፣ የምትለዋ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር እዚያ ናት። ላሊበላ የተፈለፈለው በዚያው «እንቅልፍ» ውስጥ መሆኑን ለጊቦን የነገረው ሰው አልነበረም።

ታሪክ በጆሮ ሲሆን የሚጎድለው ነገርም አለ። ካርታ የለም። የግርጌ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ የጊቦን ግማሽ ሽሙጥ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ስምም ያስቸግራል። በጆሮህ የሰማኸውን የባይዛንታይን ጄኔራል ስም ልትፈልግ ስትሞክር በምን ፊደል እንደሚጀምር አታውቅም። ሁነኛው ዘዴ አንድ የካርታና የስም ዝርዝር ያለበት የታተመ ቅጂ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ለማንበብ ሳይሆን ለማየት።

ኢኮኖሚ ላይ ስንደርስ መንገዱ ኮረኮንች ይሆናል። የኢኮኖሚ መጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ሠንጠረዥ ነው፣ ግራፍ ነው። ስሚዝ የመርፌ ፋብሪካውን ሲገልጽ ጆሮህን ጥለህ ትሰማለህ። አሥራ ስምንት ያህል የሥራ ክፍል፣ አሥር ሠራተኛ፣ በቀን ከአርባ ስምንት ሺህ በላይ መርፌ። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል ሊጨርስ ሲል ግን ስለ ብር ዋጋ ረጅም ሐተታ ይጀምራል፣ በመጨረሻም ከአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያለውን የስንዴ ዋጋ በሠንጠረዥ ያቀርባል። ይህ ድምፅ ተደርጎ ሲነበብ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የቶማ ፒኬቲ የካፒታል መጽሐፍም በእንግሊዝኛ ሃያ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ክርክሩ የተመሠረተው በግራፍ ላይ ስለሆነ ግራፎቹ በፋይል አብረው ይሰጣሉ። መኪና እየነዳ ፋይል የሚከፍት ካለ ግን ከመንገዱ ዞር ብለን እንለፍ።

ለጆሮ የሚሆኑት የኢኮኖሚ መጻሕፍት ሰው ያለባቸው ናቸው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬንስ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስለዘጋው የቬርሳይ ውል በ1919 የጻፈው አንዱ ነው። የፈረንሣዩ ክሌመንሶ ጓንቱን እንዳጠለቀ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ፣ የአሜሪካው ዊልሰን በንግግር ሲበለጥ ታያለህ። ከዚያ በኋላ ጀርመን የምትከፍለው የካሣ ሒሳብ ሲመጣ ለማን እንደተሰላ ታውቃለህና ቁጥሩ ይያዝልሃል።

ፍልስፍና ሁለት ቦታ ይከፈላል። የድሮው ለጆሮ የተሠራ ነው። የፕላቶ «ቴአቴተስ» አከፋፈቱ ራሱ የማዳመጥ ትዕይንት ነው። ኤውክሊደስ የሶቅራጥስን ውይይት ጽፎ አስቀምጧል። ከወዳጁ ከተርፕሲዮን ጋር አረፍ ብለው ልጁን አንብብልን ይሉታል፤ የቀረው መጽሐፍ በሙሉ እነሱ የሚሰሙት ነው። ኤጲክቴጦስም አልጻፈም፤ የተናገረውን የጻፈለት ተማሪው አርያን ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ድምፅ መመለስ ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

አዲሱ ግን እንደዚያ አይደለም። የስፒኖዛ «ሥነ ምግባር» እንደ ጂኦሜትሪ የተጻፈ ነው። በየመስመሩ ወደ ኋላ ይልክሃል፣ እንደ አሥራ አንደኛው ሐሳብ፣ እንደ ሦስተኛው ትርጓሜ እያለ። በገጽ ላይ ጣትህን አድርገህ ትመለሳለህ። በድምፅ ግን ጣት የሚደረግበት ቦታ የለም። የካንት «የንጹሕ አእምሮ ሂስ»ም እንዲሁ ነው። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የምትመልስ ከሆነ መጽሐፉን ግዛውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል ወይ የሚለው ጭቅጭቅ የቆየ ነው። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሚተርክ እውነተኛ ታሪክ የተወሰነውን ክፍል ለአንዳንዶቹ አስነበበ፣ ለአንዳንዶቹ አሰማ፣ ለሌሎቹ ሁለቱንም አደረገ። ወዲያውም ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚባል ልዩነት አልታየም። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድን የሥነ ልቦና ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጠ። ያነበቡት ከሰሙት በብዙ በለጡ። እኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ትረካ ነው፣ ሁለተኛው ለፈተና የሚጠና ትምህርት። ልዩነቱ ከላይ በታሪክና በኢኮኖሚ መካከል ያየነው ነው።

በእኛ ሀገር እውነተኛ ነገርን በጆሮ መማር አዲስ አይደለም። ስንክሳር በቤተ ክርስቲያን የቀኑ ቀን ሲነበብ ምእመኑ ቆሞ ይሰማል። የአንድምታው ትርጓሜ ለብዙ ዘመን ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ነው የሄደው። በሬዲዮም በሸገር 102.1 እሸቴ አሰፋ የሚያቀርበው «መቆያ» ታሪክንና የሰዎችን ሕይወት በድምፅ ለለመደ አድማጭ አድርሷል። ዩቲዩብ ላይ የሚነበቡ የትዝታና የፖለቲካ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ወገናችን መንገዱን የሚያሳጥረው በእነሱ ነው። ችግሩ ከእነዚህ ብዙዎቹ ደራሲውን ሳያስፈቅዱ የተቀዱ መሆናቸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. አንድን ሥራ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠብቃል። ለዓይነ ስውራን የተለየ በር አለ፤ በ2013 የተፈረመው የማራኬሽ ስምምነት ያለ ፈቃድ ለእነሱ በሚመች መልክ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች።

ሃምሳ ዓመቱን ስንቆጥር ግን ሰፊ መደርደሪያ ክፍት ሆኖ እናገኛለን። ከታሪክ፣ በ1924 ያረፉት የአለቃ ታዬ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» አለ። ከኢኮኖሚ፣ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አለ። ገብረ ሕይወት በ1919 ሞተ፣ መጽሐፉ በ1924 ታተመ። ስለ ሥራ፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ የሚናገረው ሰው እንደሚያናግር ሆኖ ስለሆነ ድምፅ ይወዳል። የአማርኛ ኦዲዮ ቡክ ልጀምር የሚል ሰው ከዚህ ቢነሣ ማንንም አያስፈቅድም።

ከፍልስፍና ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» አለ። የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አንድ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የጻፈው ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ አጭር ነው፣ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነው፣ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ የተደበቀ ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ነው። በአንድ ረፋድ ተነብቦ ያልቃል። የግዕዙን ጽሑፍ ማንም መቅዳት ይችላል። የአማርኛ ትርጉሞቹ ግን የተርጓሚዎቻቸው ሥራ ናቸውና የእነሱ ሃምሳ ዓመት ለብቻው ይቆጠራል።