የኤስፔራንቶ «ን» እና የእኛ «ን» አንድ አይደሉም

ሐዋሳ ውስጥ በቴሌግራም ተሰባስበን የራሳችንን ቋንቋ ስንፈጥር መነሻችን ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ፈጣሪው ሉድቪክ ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ሲያሳትመው፣ ቋንቋ የሁሉም ሀብት ነው ብሎ የባለቤትነት መብቱን ትቶታል። መዋስ ነውር የለውም።

አዲስ ገቢዎች ሁሌ የሚደናገሩት ግን ተሳቢውን በሚያመለክተው «ን» ላይ ነው። አማርኛም አለው፣ ኤስፔራንቶም አለው፤ አንድ ይመስላል።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ «ዓሣ በላሁ» ስትሉ «ን» የለም፤ የትኛው ዓሣ እንደሆነ አልታወቀማ። «ዓሣውን በላሁ» ካላችሁ ግን ዓሣው የታወቀ ነው፣ «ን» የግድ ትመጣለች። ለኤስፔራንቶ ታወቀ አልታወቀ ለውጥ የለውም፤ «ሚ ማንጃስ ፊሾን» ማለት «ዓሣ እበላለሁ» ነው። መታወቁን የሚናገረው ከፊት የሚገባው «ላ» ነው፦ «ላ ፊሾን»፣ ዓሣውን።

ቅጽል ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። እኛ «ትልቁን ዓሣ» ስንል «ን» ቅጽሉ ላይ ብቻ ታርፋለች። እነሱ ሁለቱም ላይ ያደርጓታል፦ «ላ ግራንዳን ፊሾን»። ለጆሯችን ድግግሞሽ ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ቃላቱን እንደልብ ማቀያየር ያስችላልና። «ፊሾን ማንጃስ ላ ካቶ» ቢባልም በሊዋ ድመቷ ናት።

ስለዚህ በጋራ ሰዋስዋችን ላይ «ተሳቢ ን ይወስዳል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የትኛው ተሳቢ? ቅጽሉስ? ይህ ካልተጻፈ ሁሉም ክፍተቱን በአማርኛ ልማዱ ይሞላዋል።