«ታሪኩ አለኝ፤ የሚጽፍልኝ ሰው ነው ያጣሁት»፦ ስለ ፊልም ደራሲና ፕሮዲዩሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፊልምና የተከታታይ ድራማ ጽሑፍ መጻፍ፣ ኋላም የራሴን ሥራዎች ፕሮዲዩስ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ላይ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀጥሎ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ጋ የሚገርም ታሪክ አለ፤ የሚጽፍልኝ ሰው ነው ያጣሁት።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ብዙዎቹም በእርግጥ ከባድ ሕይወት አሳልፈዋል። ነገር ግን ከአባባሉ ሥር ያለው እምነት፣ ማለትም ታሪኩ ከተገኘ ጽሑፉ የጣት ድካም ብቻ ነው የሚለው፣ ደራሲውን ባዶ እጁን እያስቀረና ድራማዎቻችንን እያደኸየ ስለሆነ በፈገግታ ማለፉ ሰልችቶኛል።

አንድ ሰው ስለ ዘመዱ ያጫወተኝን ልጥቀስ። ልጅቷ ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ለቤት ማደሻ የላከችውን ገንዘብ ወንድሟ አጥፍቶ ጠበቃት። «ይኸው ፊልም!» አለኝ። ይህ ግን ገና የደረሰ ነገር እንጂ ፊልም አይደለም። ካሜራ «ገንዘቧን በላባት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሊቀርጸው አይችልም። ጀማሪ ደራሲ እዚህ ላይ እህትና ወንድምን ፊት ለፊት አቁሞ «የሰባት ዓመት ላቤን የት አደረስከው?» ያሰኛታል፤ ወንድምየውም ያለቅሳል፣ ሙዚቃ ይገባል። እኔም በመጀመሪያ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ደጋግሜ ከጣልኩት በኋላ የደረስኩበት ትዕይንት ግን የሚከተለው ነው። ልጅቷ በመጣች ማግስት ቤተሰቡ ቡና እየጠጣ ሳለ ዝናብ ይጀምራል። እናትየዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ቀና ብላ ጣሪያውንም ሳታይ፣ ከአልጋው ሥር ሳፋ ስባ አውጥታ ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጠብታውም ልክ ሳፋው መሐል ላይ ያርፋል። ልጅቷ ሳፋውን ታያለች። ወንድምየው ያነሳውን ሲኒ ሳይጠጣ መልሶ ያስቀምጣል። ስለ ገንዘብ ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ተመልካቹ ግን ጣሪያው እንዳልታደሰ፣ እናትየዋ ፍሳሹን ለዓመታት እንደለመደችው፣ ወንድምየውም እንደተነቃበት ያውቃል። ለዚህች ከአንድ ደቂቃ ለማትበልጥ ትዕይንት ሦስት ሳምንት ፈጅቻለሁ። ታሪኩን የነገረኝ ሰው ስለ ሳፋው አልነገረኝም፤ ሳፋውን መፈለግ የእኔ ሥራ ነውና።

ሕጉም የሚለየው እዚሁ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ለተቀመጠ ወጥ ሥራ እንጂ ለሐሳብ አይደለም። ስለዚህ «ሐሳቤን ሰረቁኝ» እያለ የሚያማርር ወጣት፣ በካፌ ወንበር ላይ ከተናገረው በስተቀር የተጻፈ ነገር ከሌለው ብዙ የሚረዳው ሕግ አያገኝም። «ሳይመዘገብ መብት የለም» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፣ ምዝገባውም ክርክር ሲነሣ በማስረጃነት ይጠቅማል። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። አዋጁ በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የአሠሪው ያደርገዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ ተከታታይ ድራማዬን ለአንድ ድርጅት በቃል ስምምነት ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በሌላ ሰው ተጽፎ፣ እኔ ስም ያወጣሁላቸው ገጸ ባሕርያት በቴሌቪዥን ሲናገሩ እንደማንኛውም ተመልካች ቤቴ ተቀምጬ አየኋቸው። የቀጣይ ምዕራፎች መብት የማን እንደሆነ፣ ክፍያው በየክፍሉ ይሁን በጠቅላላው፣ ስሜ የት ቦታ እንደሚጻፍ፣ ሦስቱንም የመጀመሪያውን ገጽ ከማስረከቤ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ነበረብኝ። ለሚጠይቁኝ ጀማሪዎች ሁሉ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ ወዳጅነትን የሚያተርፈው ውል መፈራረም ነው።

«ጥሩ ልቦለድ የጻፈ ጥሩ ፊልም ይጽፋል» ይባላል። አንዳንዱ ይጽፋል፤ ብዙው ግን የሰውን ሐሳብ በቀጥታ መግለጽ ስለለመደ ካሜራው ፊት እጁ ይታሰራል።

«አንድ የስክሪፕት ገጽ ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ነው» የሚለውም ግምት ብቻ ነው፤ እኔ ንግግሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ በሰዓት እለካዋለሁ።

«ስክሪፕት በሳምንት ያልቃል» ለሚሉኝ፣ የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን እጠቅሳለሁ። «ጤዛ» የተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ሲያገኝ፣ ሥራው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ወደ ፕሮዲዩሰሩ ስንመጣ «ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘብ ያለው ሰው ነው» የሚለው እምነት በባለሙያዎቹም መካከል አለ። ገንዘብ የሚያወጣው ባለሀብት ወይም ስፖንሰር ነው፤ ፕሮዲዩሰር ግን ያ ገንዘብ ስክሪን ላይ መታየቱን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ጽሑፉን ከፋፍሎ በየቦታውና በየተዋናዩ ያደራጃል፤ አንድ ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ፣ የመጀመሪያው ክፍልም ይሁን የአሥረኛው፣ በተከታታይ ቀናት ያስቀርጻል፤ ጀነሬተሩን፣ ፈቃዱን፣ ምሳውን፣ የተዋናዩን ሌላ ቀጠሮ ያስባል። እኔ ደራሲም ፕሮዲዩሰርም በመሆኔ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ የገንዘብ ችግር ብዙ ጊዜ በብዕር እንደሚፈታ ነው። በአንድ ድራማ ላይ ሁለት መቶ እንግዳ ያለበት ሠርግ ጽፌ ነበር፤ ዋጋው ሲሰላ የሦስት ክፍል በጀት ሆነ። ድንኳኑን ትቼ ትዕይንቱን ወደ ጓሮ አዞርኩት፦ እልልታውና ሆታው ከሩቅ ይሰማል፣ ሦስት ሴቶች በጭስ ውስጥ ትልቅ ድስት እያማሰሉ ሙሽራዋ ለምን እንዳለቀሰች ይንሾካሾካሉ። ወጪው በእጅጉ ቀነሰ፤ ምሥጢሩም ከድንኳኑ ይልቅ እዚያ የተሻለ ቦታ አገኘ።

የመጨረሻው ስሕተት ቀረጻ ሲያበቃ የፕሮዲዩሰርም ሥራ አበቃ ብሎ ማሰብ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ካቀረበ በኋላ እንኳ በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አላገኘም። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከየከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ ጋር እየተባበሩ፣ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩት። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የተሰየመውን መጻሕፍት ቤት የከፈቱትም ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ሥራ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ባለፈው ድራማዬ የስፖንሰር ክፍያ ለመሰብሰብ የተመላለስኩባቸው ቀናት፣ ድራማውን ከቀረጽኩባቸው ቀናት በልጠዋል።