ቁልቋል በጎንደርና በዙሪያዋ

ቁልቋል በድንጋያማ ተረተርና በገደል አፋፍ ላይ የሚበቅል፣ ውኃ በግንዱና በቅርንጫፉ የሚያቁር እሾሃማ ዛፍ ነው። እስከ 10 ሜትር ያድጋል። ቅጠል አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ጥቃቅን ሆኖ ወጥቶ ወዲያው ይረግፋል፤ የቅጠሉን ሥራ የሚሠሩት አረንጓዴዎቹ ቅርንጫፎች ናቸው። አበባው ቢጫ፣ ፍሬው ሲበስል ቀይ ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ያለ መንገደኛ ቅርንጫፉን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሞ ያገኘዋል።

ከበለስ ጋር መምታታት የለበትም። በለስ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ሲቆረጥም ወተት የለውም። የእኛው ቁልቋል ግን ትንሽ ሲጫር ነጭ ወተቱ ይፈሳል። የቅርብ ዘመዱ ሌላው የአጥር ተክል፣ ቅንጭብ ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቁልቋል ምን አገልግሎት ይሰጥ እንደነበር በስፋት የተጻፈልን ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ማረፊያ ተሰጥቶት ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን «ቁልቋል» በሚለው በራሳችን ስም ጠርቶ፣ ሥዕሉንም አክሎ ገልጾታል። ሁለት ቅርንጫፎች በጎራዴ ሲቆርጥ ከ4 ጋሎን፣ ማለትም ከ18 ሊትር ያላነሰ ወተት እንደፈሰሰ ይናገራል፤ ጎራዴውን ወዲያው ቢያጥበውም እድፉ አልለቀቀም። የአገሩ ሰው ቆዳ ሲያለፋ ፀጉሩን ለማንሣት በወተቱ ይጠቀም እንደነበርም መዝግቧል። በዓመቱ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ግሜሊን «ኢውፎርቢያ አቢሲኒካ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። የዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ዛፍ በብሩስ መጽሐፍ ያገኙት ባላገሩ በሚጠራው ስም መሆኑ መነገር ያለበት ነገር ነው። በኢትዮጵያ ቁልቋል ተብሎ የሚጠራ ሌላ ተመሳሳይ ዝርያም ስላለ፣ ሁሉም የአካባቢው ቁልቋል አንድ ነው ብሎ መደምደም ግን ያስቸግራል።

ዋናው ጥቅሙ አጥርነቱ ነው። ከብት አይበላውም፣ ፍየልም ቢሆን ይሸሸዋል። ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ አይተከልም፤ ጥላ ሥር ጥቂት ቀናት ተኝቶ ቁስሉ ሲደርቅና ወተቱ እንደ ሙጫ ሲረጋ ነው መሬት የሚገባው። ትኩስ ቁስሉ ከተቀበረ ይበሰብሳል። የለመደ ሰው ሲቆርጥ ነፋሱን ከኋላው ያደርጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ምሳሩን ካሳረፈ በኋላም እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይነካም። ወተቱ ዓይን ያሳውራል የሚባለው ልጆችን ለማስፈራራት አይደለም፤ እውነት ነው። ሲደርቅ እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ለጣሪያ፣ ለበርና ለማገዶ ይውላል።

በባህል ሕክምና ወተቱ ኪንታሮትና ጭርት ላይ ይቀባል። ከጤፍ ዱቄት ጋር ተለውሶና ተጋግሮ ለወፍ በሽታና ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሰጥበትም ልማድ አለ። መጠኑን የሚያውቁት አዋቂዎች ናቸው፤ ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ይተላለፋል፤ ሊከበርና ሊጠና ይገባዋል። ሆኖም ወተቱ አፍና አንጀት የሚያቃጥል መርዝ ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መውሰድ አለበት፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና።

ንቦች አበባውን ይቀስሙታል፤ ማሩ ግን ጉሮሮ ይቆነጥጣል ይባላል።

የቁልቋል ስም በጦርነት ታሪክም ገብቷል። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር፣ ጣሊያኖች በምሥራቅ አፍሪካ በመጨረሻ ከያዟቸው ምሽጎች አንዱ ነበር። ኢትዮጵያውያን አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ለወራት ከበው ከተዋጉ በኋላ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ምሽጉ ወደቀ፤ ጎንደርም በ6ኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ነፃ ወጣች። ካራቢኔሪ የተባለው የጣሊያን ጦር ክፍል በዚያ የወደቁትን ወታደሮቹን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያስባል፤ «ኩልኳልበር» እያለም ይጠራዋል። የእኛ ባላገር ግን ቦታውን ያን ስም ያወጣለት ቁልቋሉን አይቶ ነው።